ፀሐይ ወይስ ነፋስ? መጀመሪያ ማሽኑን እንወቅ

ሃይድሮጅን ለማምረት ፀሐይ ይሻላል ወይስ ነፋስ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ሰው የሚያወዳድረው የኤሌክትሪኩን ዋጋ ብቻ ነው። ውኃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚከፍለው ኤሌክትሮላይዘር ግን ስሙም አይነሳም። እኔ ፍርዱ የዚህ ማሽን ነው ባይ ነኝ።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። ውኃ ውስጥ በገቡ ሁለት ኤሌክትሮዶች ዲሲ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በአንዱ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ኦክስጅን ይወጣል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በውስጡ የሚይዘው ግን 33 ገደማ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅን የኃይል ማጠራቀሚያ እንጂ የኃይል ምንጭ አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። ጥሩ ፀሐይ ያለበት ቦታ የተተከለ ፓነል ከሙሉ አቅሙ ሩቡን፣ ጥሩ ነፋስ የሚያገኝ ተርባይን ደግሞ 40 በመቶውን ያመርታል እንበል። በዚህ ስሌት ባለ 1 ሜጋዋት ኤሌክትሮላይዘር በዓመት በፀሐይ 40 ቶን፣ በነፋስ 64 ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ያወጣል። በብድር የተገዛ ሚኒባስ ቆሞ ስለዋለ ዕዳው እንደማይቆም ሁሉ የዚህም ማሽን ወጪ ሥራ ፈትቶ ሲውል አይቆምም። የፀሐይ ኤሌክትሪክ ረክሶም ሃይድሮጅኑ የሚወደደው አንድም በዚህ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ኃይሉ ሲደክም የሚሆነው ነው። በተለመደው አልካላይን ኤሌክትሮላይዘር ሁለቱን ጋዞች የሚለያያቸው ስስ መጋረጃ ነው፤ ጥቂት ሃይድሮጅን ሁልጊዜ በመጋረጃው ሾልኮ ወደ ኦክስጅኑ ይገባል። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ኦክስጅኑ ብዙ ስለሆነ የሾለከው ከቁጥር አይገባም። ኃይሉ ሲቀንስ የሚመረተው ኦክስጅን አብሮ ይቀንሳል፤ የሚሾልከው ሃይድሮጅን ግን ብዙም አይቀንስም። ድርሻው ከፍ እያለ 4 በመቶ ገደማ ሲደርስ ድብልቁ ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ የተነሳ ገና 2 በመቶ ላይ ማሽኑ እንዲጠፋ ይደረጋል። እንግዲህ የማለዳና የምሽት ደካማ ፀሐይ ለዚህ ማሽን ስጦታ ሳይሆን ጣጣ ነው፤ በየሌሊቱ መጥፋቱና በየጠዋቱ መነሳቱም ኤሌክትሮዶቹን ያስረጃል። ነፋስ ሌሊትም ይሠራል፤ ሆኖም በደቂቃዎች ውስጥ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም ለቀናት ይጠፋል። መዋዠቁን በሰከንዶች የሚከተል ፒኢኤም የሚባል ዓይነት አለ፤ እሱ ደግሞ ኢሪዲየም የተባለውን እጅግ ብርቅ ብረት ይፈልጋል።

የጋዞቹ መደባለቅ የቆየ ችግር ነው። ዴንማርካዊው መምህር ፖል ላ ኩር እ.ኤ.አ. በ1891 አስኮቭ በተባለች መንደር በነፋስ ኃይል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ፤ በኤሌክትሪኩም ሃይድሮጅን አውጥቶ ትምህርት ቤቱን በጋዝ መብራት አበራ። ሃይድሮጅኑ ውስጥ የገባ ጥቂት ኦክስጅን እያፈነዳው የሕንፃዎቹ የመስኮት መስታወቶች በተደጋጋሚ ረግፈዋል።

ይህን እያወቅሁ ወጣቶች በስልክ ቪዲዮ ሁለቱንም ጋዝ በአንድ ጠርሙስ አጠራቅመው ክዳኑን ሲያጠብቁ ሳይ እናደዳለሁ። ውኃው ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ብለው የገበታ ጨው የሚጨምሩም አሉ። ጨው ሲገባ ሳንባ የሚጎዳ ክሎሪን ይወጣል። እባካችሁ፣ ይህ የጓዳ ጨዋታ አይደለም!

ታዲያ ማን ያሸንፋል? የሳዑዲ ዓረቢያው የኒዮም ፕሮጀክት በቀን 600 ቶን ሃይድሮጅን እንዲያመርት ሲታቀድ ፀሐይንና ነፋስን አጣምሮ ወደ 4 ጊጋዋት እንዲይዝ የተደረገው በምክንያት ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ማሽኑን ሥራ ላይ ያቆየዋል። ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ሃይድሮጅን አሞኒያ፣ አሞኒያም ማዳበሪያ ይሆናል፤ የግብፁ አስዋን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከዓባይ ውኃ ኃይል በተገኘ ኤሌክትሪክ ይህንኑ ይሠራ ነበር። እኛ ማዳበሪያችንን በጅቡቲ በኩል እናስገባለን። የአዳማን የነፋስ ተርባይኖች ባየሁ ቁጥር ይህ ይታወሰኛል።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ሁለቱም ባሉበት ቦታ አጣምሩ። አንዱ ብቻ ካለ፣ የኤሌክትሪኩን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ማሽኑ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሠራና ኃይሉ ምን ያህል ሲቀንስ እንደሚጠፋ ጠይቁ።