በሩን የሚሸከመው ሞላ

ጋራዥ ሲባል እኛ የሚታየን ዘይት የጠገበ ቱታ፣ ክሪክና የተፈታታ ሞተር ነው፡፡ አሜሪካ ያለው ዘመዳችን ግን ጋራዥ ሲል መኪናው የሚያድርበትን ክፍል ማለቱ ነው፡፡ በዚህ የተነሳ ባለፈው ጥር ከቨርጂኒያ ከደወለልኝ የወንድሜ ልጅ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ሳንግባባ ቀረን፡፡ «ጋሼ፣ ጋራዡ ተበላሽቶብኝ ከሥራ ቀረሁ» ሲለኝ፣ «ታዲያ ሌላ ጋራዥ አትወስዳትም?» አልኩት፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሌሊት በብርዱ መሐል ከጋራዡ በኩል እንደ ጥይት የጮኸ ድምፅ ሰሙ፡፡ ባለቤቱ ልጆቹን ይዛ ወለሉ ላይ ተኛች፡፡ ጠዋት ሲነሱ ግን የተሰበረ መስኮት የለም፣ የገባ ሌባም የለም፡፡ የበሩን መክፈቻ ሲጫን በሩ አንድ ስንዝር ያህል ተነስቶ ቆመ፡፡ መኪናው ያለው ውስጥ ነው፤ እንጀራው ደግሞ መኪናው ነው፡፡ ቀና ብሎ ሲያይ ከበሩ በላይ ባለው ዘንግ ላይ ከተሰኩት ሁለት ጥምዝምዝ ሞላዎች አንዱ ከመካከሉ ተበጥሶ የሦስት ጣት ያህል ክፍተት ፈጥሯል፡፡ ባለሙያ የጠራበት ዋጋ ስለከበደው ከኢንተርኔት ቪዲዮ አይቶ፣ ሁለት ረጃጅም ካቻቢቴዎች አዘጋጅቶ ራሱ ሊቀይረው ተነስቷል፡፡ «ያልተሰበረውን ፈትቼ አወርድና...» ሲል አስቆምኩት፡፡

እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ መካኒክነት አይደለም፡፡ ሆኖም ከሁለት ዓመት በፊት ያየሁት ነገር ነበር፡፡ ጥርባ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ እንጅባራ ላይ የተከራየው ሱቅ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ ነበረው፡፡ መዝጊያው እየከበደ ሲሄድ በዲከረንስ አጣና እየደገፈ ሰነበተና በመጨረሻ አንድ በያጅ ጠራ፡፡ በያጁ ረዳቱን መሰላል ላይ አውጥቶ የመጠቅለያውን ጫፍ ቡሎን አስፈታው፡፡ ውስጥ ያለው ሞላ ተወጥሮ እንደሚቆይ ከመካከላቸው ያወቀ አልነበረም፡፡ ዘንጉ በአንድ አፍታ ተፈተለከና ቺያቬውን ከልጁ እጅ ነጥቆ አንጓውን ሰበረው፡፡ ዐሥራ ስምንት ዓመት እንኳ የሞላው አይመስለኝም፡፡

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ሁላችንም የምንስተው ነገር አለ፡፡ የሁለት መኪና ጋራዥ የብረት በር ከ60 እስከ 100 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ እንጨት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፡፡ ይህን ክብደት የሚያነሳው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሞተር ይመስለናል፡፡ አይደለም፡፡ ሞተሩ ገፋ፣ ሳብ የሚያደርግ ረዳት ነው፤ ሸክሙ ያለው ሞላው ላይ ነው፡፡ በሩ ሲወርድ ከግርጌው የታሰሩት የሽቦ ገመዶች ላይ ያሉትን መዘውሮች ያዞራሉ፣ መዘውሮቹ ዘንጉን፣ ዘንጉም ሞላውን ይጠመዝዛል፡፡ በሩን መዝጋት ማለት ሞላውን መሙላት ማለት ነው፡፡ ስለዚህ በሩ ተዘግቶ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ምንም የማይንቀሳቀስ በሚመስለን ሰዓት፣ ሞላው በጉልበቱ ጫፍ ላይ ነው ማለት ነው፡፡

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 እንዳሳተመው፣ የሞላ ጉልበት በተወጠረው ልክ ነው፡፡ የበሩ ብልሃትም እዚህ ላይ ነው፡፡ በሩ ወደ ላይ ሲወጣ ክፍልፋዮቹ አንድ በአንድ ወደ ጣሪያው ሐዲድ ታጥፈው ስለሚተኙ የሚንጠለጠለው ክብደት ይቀንሳል፤ ሞላውም በዚያው ልክ እየላላ ይሄዳል፡፡ ክብደትና ጉልበት አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፡፡ ልኩ የተጠበቀ በር በአንድ እጅ የሚነሳው ለዚህ ነው፡፡ ሲ.ጂ. ጆንሰን የተባለው አሜሪካዊ ወደ ላይ የሚነሳውን በር እ.ኤ.አ. በ1921፣ የኤሌክትሪክ መክፈቻውን ደግሞ በ1926 ሠራ፡፡ አምስት ዓመት ያለ ሞተር የሠራ በር መሆኑን ልብ ይሏል፡፡

ታዲያ ሞላው ለምን ይሰበራል? የእኛ አገር ሾፌር መልሱን ያውቀዋል፡፡ በዳንግላ መንገድ ከሰል ጭኖ የሚመላለስ የኤፍ ኤስ አር ባሌስትራ የሚበጠሰው ያን ቀን በተጫነው ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ሲጎብጥና ሲቃና ብረቱ ደክሞ ነው፡፡ ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው፡፡ የተለመደው የጋራዥ ሞላ የሚሠራው ለ10,000 ጊዜ ያህል ነው፤ አንድ መውጣትና አንድ መውረድ አንድ ጊዜ ይባላል፡፡ በቀን አራት ጊዜ የሚከፈት በር ሰባት ዓመት ሳይሞላው ይጨርሰዋል፡፡ የወንድሜ ልጅ ቤቱን አዲስ ሆኖ ከገዛው ስምንት ዓመቱ ነው፡፡ ጊዜው ደርሶ ነበር እንጂ ማንም አላሟረተበትም፡፡ ያልተሰበረው ሁለተኛው ሞላም ዕድሜው ያው ስለሆነ አንዱን ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም፡፡

ካቻቢቴውን በተመለከተ እንዲህ አልኩት፡፡ የሞላው ጫፍ ላይ ያለው ማጠንጠኛ ቀዳዳዎች አሉት፤ ወደ እነዚያ የሚገባው ልኩን የጠበቀ ድፍን የብረት ዘንግ ነው፡፡ ካቻቢቴ ቀጭን ነው፣ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት የሚመታው የያዘውን ሰው ፊት ነው፡፡ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ በር ሞላው ወደ 30 ሩብ ዙር፣ ማለትም ሰባት ዙር ተኩል ያህል ይጠመዘዛል፡፡ በእያንዳንዱ ሩብ ዙር አንዱ ዘንግ ሳይወጣ ሌላው መግባት አለበት፡፡ ሠራተኛው የሚቆመው ከጎን ነው እንጂ ከፊት ለፊት አይደለም፡፡ በሩም ጉልበት ሲያገኝ እንዳይነሳ ሐዲዱ ላይ በመያዣ ይታሰራል፡፡ አዲሱ ሞላ ሲገዛ ደግሞ የሽቦው ውፍረት፣ የውስጡ ስፋት፣ ርዝመቱና የጥምዝምዙ አቅጣጫ፣ ግራ ወይም ቀኝ፣ መለካት አለባቸው፡፡ ውፍረቱን ለማወቅ ዐሥር ጥምዝ አብሮ ለክቶ ለዐሥር ማካፈል ይሻላል፤ የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ስሕተት በሩን ወይ ያከብደዋል ወይ ያስፈነጥረዋል፡፡

ሌላም ዓይነት አለ፤ በሐዲዱ ጎንና ጎን ተዘርግቶ የሚለጠጥ፡፡ እሱ በሩ ሲዘጋ ስለሚወጠር የሚቀየረው በሩ ተከፍቶ በሁለቱም ወገን በጥብቅ ከታሰረ በኋላ ነው፡፡ በውስጡ የደኅንነት ገመድ ከሌለው ሲበጠስ በክፍሉ ውስጥ ይወረወራል፡፡

ከባለቤቱ የሚጠበቀው ከዚህ ያነሰ ነው፡፡ በሩ ዝግ ሳለ የሞተሩን ቀይ ገመድ ስቦ ማላቀቅ፣ በሩን በእጅ እስከ ወገብ ማንሳትና ቀስ ብሎ መልቀቅ፡፡ ባለበት ከቆመ ሞላው ደኅና ነው፤ ከወረደ ደክሟል፡፡ ነገር ግን ሞላው ተሰብሮ በሩ ክፍት ከቀረ ያን ቀይ ገመድ አይነኩም፤ መቶ ኪሎ ብረት ይወርዳል፡፡ አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ የሚሠራ የቤት በር መክፈቻ ሰው እንዳይጫን የሚከላከል መሣሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፡፡ ከታች የሚታዩት ሁለት የጨረር ዓይኖች ለዚህ ናቸው፡፡ ግን ዓይኖቹ የሚያዙት ሞተሩን ነው፣ የወደቀን በር አያቆሙም፡፡

ወደ እንጅባራው ልጅ ልመለስ፡፡ የሕክምናውን ወጪ ማን ይክፈል በሚለው ሦስት ሰዎች ተፋጠጡ፡፡ የአክስቴ ልጅ «ባለሙያ ነኝ ያለኝን ነው ያሠራሁት» አለ፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2134 ይደግፈዋል፤ በራሱ ነፃነት የሚሠራ ሰው ለሚያደርሰው ጥፋት ሥራውን ያዘዘው ኃላፊ አይሆንም፡፡ የቤቱ ባለቤት ላይ አንቀጽ 2077ን የጠቀሰ ነበር፤ ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላልና፡፡ እኔ እንደምረዳው ግን ልጁን የጎዳው የሕንፃው ማርጀት ሳይሆን በሰው እጅ የተፈታው ቡሎን ነው፡፡ የቀረው በያጁ ነው፤ ልጁን ያሠራው እሱ፣ መሰላል ላይ ያወጣው እሱ፡፡ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፡፡ ችግሩ በያጁ ከብየዳ ማሽኑ በቀር ምንም የለውም፡፡ በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ ወጪውን ለሦስት አካፈላቸው፡፡ ሕጉ ያላለው ነው፤ ልጁ ግን ታከመ፡፡ አንጓው ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፡፡

የወንድሜ ልጅ በማግሥቱ ባለሙያውን ጠራ፡፡ ሰውዬው ሁለቱንም ሞላዎች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቀይሮ ሄደ፡፡ «ጋሼ፣ በር ላይ ቆሜ ቆጠርኩት፣ በየወገኑ ሠላሳ ነው» አለኝ፡፡ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ተጠቅላዩን አስነቅሎ ባለ ሁለት ተካፋች የላሜራ በር አስገጥሟል፤ ጠዋት ሲከፍተው ጎረቤቱ በሙሉ ይነቃል፡፡