ወራት ሲለወጥ የልብስ አያያዝ፤ በቤትና በመደብር

በአገራችን የዘመን አቈጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን፣ የሚወጣውም መስከረም 25 ቀን መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በሉማሜና በአካባቢው፣ እንዲሁም በቢቸናና በሞጣ በኩል ባለው አገር ዝናቡ የቀን መቍጠሪያውን አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ ሰኔ ሳይጋመስ መሬቱ ረጥቦ፣ ግድግዳውም ወዝቶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ባለመደብሩ ጃንጥላውንና የጎማ ቦቲውን ወደ ፊት ያወጣል፤ የቤት እመቤቷም ጋቢውንና ቡልኮውን አውርዳ፣ ስሱን ነጠላና የበዓሉን ቀሚስ ታስቀምጣለች። ሁሉም የሚጨነቀው ሊለበስ ስላለው ልብስ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ሊቀመጥ ስላለው ልብስ ጥቂት ለማስረዳት ነው፤ ልብስ ከሚለበስበት ወራት ይልቅ ተጣጥፎ በሚተኛበት ወራት አብዝቶ ይጎዳልና።

ነገሩ ለነጋዴ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በእኛ አገር የልብስ ገበያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደራል። አንደኛው በሰኔ፣ ጋቢ፣ ሹራብ፣ ካፖርትና ጃንጥላ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ገበሬው ጤፉንና ስንዴውን ሰብስቦ ገንዘብ በእጁ ሲገባ፣ ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀትም ጥር 11 ቀን ይውላሉና፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። እንግዲህ ለጥምቀት የሚሸጠው ነጭ ልብስ ክረምቱን በመጋዘን ያሳልፋል፤ ለሰኔ የሚሸጠው የሱፍ ካፖርት ደግሞ በጋውን በሣጥን ያሳልፋል። ስለዚህ የጥምቀት ትርፍ የሚጠበቀው በግንቦት፣ የሰኔም ትርፍ የሚጠበቀው በጥቅምት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመደብራችን 12 የሱፍ ካፖርቶች ሳይሸጡ ክረምቱ አለፈ። በጥቅምት ወር በሣጥን ታሽገው ተቀመጡ። የዕቃ ቈጠራ በደረሰ ጊዜ ሣጥኑን ሳልከፍት፣ በመዝገቡ ላይ «ካፖርት 12፤ ደኅና» ብዬ ጻፍሁ። በሰኔ ወር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከካፖርቶቹ አንዱን ለልጃቸው ገዝተው ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው መጡና ካፖርቱን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ እኔ ዐይኔ ደክሟል፤ እናንተም አላያችሁትምን?» አሉ። በብብቱና በክሳዱ ሥር የሽምብራ ፍሬ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረበት። አለቃዬ፣ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብለው ገንዘቡን ወዲያው መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ከፍተን ብንመለከት ከቀሩት 11 ካፖርቶች 6ቱ ተበልተዋል። የ7ቱን ኪሳራ በመዝገቡ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ሽማግሌው ግን ከዚያ ወዲህ በደጃችን ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡናል እንጂ ገብተው አልገዙም። ይህኛው ኪሳራ በመዝገብ የሚጻፍበት ዐምድ የለውም።

የልብስ ጠላቶች

ልብስን ለመጠበቅ አስቀድሞ ጠላቱን መለየት ያሻል፤ የሱፍ ጠላትና የጥጥ ጠላት አንድ አይደሉምና።

የሱፍ ጠላት ብል ነው። ብዙ ሰው በቤት ውስጥ የምትበርረውን ትንሽ ብል አጨብጭቦ በመግደል የዳነ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የምትበርረው ብል ልብስ አትበላም፤ የሚበላው ከእንቍላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። አንዲት እንስት ከ40 እስከ 50 የሚደርስ እንቍላል ትጥላለች። ትሉ ሙቀትና ምግብ ካገኘ በሁለት ወር ያህል ያድጋል፤ ካልተመቸው ግን እስከ ሁለት ዓመት ሊቈይ ይችላል። ምግቡም ጠጕርና ሱፍ ነው፤ በርኖስ፣ የመንዝ ባናና ዝተት፣ የሱፍ ካፖርትና ሹራብ ሁሉ ለእርሱ ማዕድ ናቸው። ብርሃን አይወድም፤ ክሳድ ሥር፣ ኪስ ውስጥና ስፌት መካከል ይሸሸጋል። ከሁሉ ይልቅ ላብ፣ ቅቤና የምግብ ጠብታ የነካውን ስፍራ ይመርጣል። ንጹሕ ጥጥና ናይለን ብቻቸውን አይስማሙትም፤ ከሱፍ ጋር የተቀላቀሉ ወይም ያደፉ ከሆኑ ግን አይተርፉም።

የጥጥ ጠላት ሻጋታ ነው። ሻጋታ ዘሩ በአየር ውስጥ ዘወትር አለ፤ የሚበቅለው ግን እርጥበት ሲያገኝ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ በመሆኑ ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሆኖ ከታጠፈ በጥቂት ቀን ይሸታል፣ ቈይቶም ጥቋቍር ነጠብጣብ ያወጣል። ይህ ነጠብጣብ አንዴ ክሩ ውስጥ ከገባ በሳሙና አይለቅም።

ከእነዚህ በቀር ምስጥና አይጥ አሉ። ምስጥ በጭቃ ግድግዳና በመሬት በኩል ይመጣል፤ ጥጥንም እንጨትንም ይበላል። በግድግዳው ላይ ቀጭን የአፈር መስመር ሲታይ ምስጡ መንገድ ጀምሯል ማለት ስለሆነ፣ ዕቃውን ከዚያ ስፍራ በቶሎ ማንሣት ያሻል።

በግንቦት የሚሠራ ሥራ

ክረምቱ ሳይገባ፣ ፀሓይ ሳለ፣ የሚቀመጠው ነጭ ልብስ ሁሉ ይታጠብ። ያልታጠበ ልብስ ንጹሕ ቢመስልም ላቡ እየቈየ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። እናቶቻችን ሸማ በእንዶድ ያጥቡ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ እንዶድ የሚታጠብበት ውኃ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የተገነዘቡት ይህንኑ ልማድ ተመልክተው ነው። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢውን ወደ ወንዝ መድፋት አይገባም።

ጥለት ያለበት ልብስ ሲታጠብ አስቀድሞ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ጥለቱን ማሸት መልካም ነው፤ ቀለሙ ወደ ጨርቁ ካለፈ ልብሱ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይዘፈዘፍ፣ ለብቻው ፈጥኖ ይታጠብ። ነጩ በፀሓይ ይድረቅ፤ ጥለቱ ግን ተገልብጦ በጥላ ቢሰጣ ቀለሙ አይለቅም። ልብሱ ከደረቀ በኋላ ወዲያው አይታጠፍ፤ ሙቀቱ እስኪወጣለት በጥላ ይቈይ። ከታጠፈም በኋላ በላስቲክ ከማፈን በታጠበ አቡጀዲ መጠቅለል ይሻላል፤ ላስቲክ እርጥበትን ውስጥ ያስቀራልና።

በጥቅምት የሚሠራ ሥራ

ዝናቡ ሲያባራ የሱፉ ተራ ይደርሳል። በርኖሱ፣ ካፖርቱና ሹራቡ ጥሩ ፀሓይ ባለበት ቀን ለጥቂት ሰዓት ይሰጣ። ከዚያም ኪሱ ተገልብጦ፣ ክሳዱ ተነሥቶ፣ ስፌቱ ተከፍቶ በብሩሽ ይጠረግ፤ እንቍላሉ የሚረግፈው በዚህ ነው። የሱፍ ልብስ በሙቅ ውኃ ከታጠበና ከታሸ ይኰማተራልና፣ የሚታጠበው ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን። ደንበኞች ለጥገና ወደ ልብስ ሰፊው የሚያመጡት አሮጌ ሱፍም ሳይጠረግ ከአዲሱ ዕቃ ጋር በአንድ መደርደሪያ አይዋል።

ናፍታሊን የሚሠራው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ክፍት መደርደሪያ ላይ ማኖር ገንዘብን ለነፋስ መስጠት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ከልብሱ በላይ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጥ። የሚበላ ነገር ባለበት ክፍል መቀመጥ የለበትም። በተለይ ለሕፃናት ደም ጎጂ ስለሆነ፣ ከናፍታሊን ጋር የቈየ ልብስ ሳይናፈስና ሳይታጠብ ሕፃን አይጠቀለልበት። ዲዲቲና የእህል ተባይ መድኃኒት በልብስ ላይ መርጨትም ፈጽሞ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት የዲዲቲን አጠቃቀም በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ወስኖታል። ሣጥንን በጥንጁት ማጠን ተባይን በማሸሽ የታወቀ የአገር ልማድ ነው፤ ነጭ ልብስ ግን ጢሱ እንዳያጠቍረው ከታጠነ በኋላ ይግባ።

ስለ መጋዘንና ስለ መንገድ

ወደ እኛ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጎሐ ጽዮን ቍልቍል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። በረሓው ከሁለቱም አፋፍ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በሸራ የተሸፈነ ጭነት በበረሓው ይሞቅና ደጋው ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ሞቃት አየር የተሸከመውን እርጥበት ሲቀዘቅዝ ስለሚጥለው፣ ዝናብ ያልነካው ጥቅል እንኳ ወዝቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጥቅሉ እንደ ደረሰ ተፈትቶ ይናፈስ፤ «ደርቋል» ተብሎ እንደ ታሰረ አይከመር።

በመጋዘንም ዕቃው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳውም እጅ በሚያስገባ ርቀት ይቀመጥ። የቈርቈሮ ጣሪያ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ውኃ ስለሚያንጠባጥብ ኮርኒስ ከሌለው ክምሩ ሸራ ይልበስ፤ ሸራውም በፀሓያማ ቀን ይገለጥ። በፊት የገባው በፊት ይውጣ። ጃንጥላ ሳይደርቅ አይታጠፍ፤ ሽቦው ይዝጋልና። እርጥብ የቆዳ ጫማ ጋዜጣ ተሞልቶ በጥላ ይድረቅ እንጂ እሳት አጠገብ አይኑር።

በመጨረሻ በመዝገብ ላይ ሁለት ዐምድ እንዲጨመር አሳስባለሁ፤ አንዱ ዕቃው የገባበት ቀን፣ ሁለተኛው ተከፍቶ የታየበት ቀን ነው። በክረምት ውስጥ ዝናብ በማይጥልበት ቀን፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሣጥን ቢከፈትና ቢናፈስ፣ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በእኛ መደብር ከዚያች ከሰኔዋ ገበያ ወዲህ «ደኅና» የሚለው ቃል የሚጻፈው ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ልብሱም በደጅ ብርሃን ከታየ በኋላ ብቻ ነው። ሽማግሌው ዛሬም በገበያ ቀን በደጃችን ያልፋሉ። አንድ ቀን ገብተው ቢጠይቁን የምናሳያቸው ካፖርት፣ ዐይናቸው ቢደክም እንኳ እንድናፍርበት የማያደርገን ሆኖ ተቀምጧል።