ጣቢያው ከከተማው ሲርቅ

በዲማም፣ በቢቸናም፣ በደብረ ማርቆስም ሐዲድ የለም። ይህ ማለት ግን የባቡር ነገር የጎጃምን ሰው አይመለከተውም ማለት አይደለም። ሐዲድ አንዴ ከተዘረጋ በቀላሉ አይነቀልም፤ የጣቢያው ቦታም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ውሳኔ ነው። ባቡር ያላቸው ከተሞቻችን ያዩትን አስቀድሞ ማጤን የሚበጀው ለዚህ ነው። የተሳፋሪ ጣቢያ የሚመዘነው በሕንፃው ግዝፈት አይደለም፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ባቡሩ ውስጥ እስኪገባ በሚያወጣው ጊዜ፣ ገንዘብና ድካም ነው።

ድሬዳዋን እንመልከት። ከጅቡቲ የተነሳው የቀድሞው ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከሥሩ ካለው ሜዳ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ማረፊያው ለገሃር ሆነ፤ ዛሬ የከተማዋ እምብርት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀጣዩ ዓመት መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ርዝመቱም ከ750 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ትልቅ ሥራ ነው። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጡ፤ የአዲስ አበባው ወደ ለቡ ዳርቻ፣ የድሬዳዋው ደግሞ ከመሀል ከተማው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በተቃራኒው ስታዲየምን፣ ለገሃርንና ሜክሲኮን የመሰሉ ሰው የሚርመሰመስባቸውን ቦታዎች ያገናኛል። ነገር ግን የደቡብ መስመሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል እንጂ ለቡ አይደርስም። የአንድ ከተማ ሁለት ባቡሮች ሳይገናኙ ቀሩ፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ይሞላዋል።

የባቡሩ ዋና ሥራ ጭነት ነው የሚሉ አሉ። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ስለሚያልፍ አባባላቸው እውነት አለው። ይሁን እንጂ ጭነት እንደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ባለ የራሱ ቦታ ሊራገፍ ይችላል፤ ተሳፋሪው ኮንቴይነሩን ተከትሎ ከከተማ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ከተማው አድጎ ጣቢያው ድረስ ይመጣል የሚለው መከራከሪያም ድሬዳዋን ሊጠቅስ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ድሬዳዋ በተቆረቆረችበት ጊዜ ከባቡሩ ጋር የሚፎካከር አውቶቡስ አልነበረም። የዛሬ መንገደኛ ከሰፈሩ አጠገብ መናኸሪያ እያለለት ከተማው እስኪያድግ አይጠብቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመሬት ነው፤ ሐዲድን መሀል ከተማ ማስገባት ነዋሪ ያፈናቅላል፣ ወጪም ያንራል። ይህ ሲሆን ጣቢያው ዳር ላይ መቆሙ ግድ ይሆናል። ግድ ከሆነ ግን ከባቡሩ ሰዓት ጋር የሚገጥም አውቶቡስ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ መመደብ፣ ወጪውም በሐዲዱ በጀት ውስጥ መታሰብ አለበት። ለትንሽ ጣቢያ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ዝናብና ፀሐይ የሚከልል ጣሪያ፣ መቀመጫ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የሚጠጣ ውኃ፣ የማታ መብራት፣ የመነሻ ሰዓት ሰሌዳ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደረጃ የሌለው መግቢያ። ከሐዲዱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሁሉ ጥቂት ነው፤ ሲጎድል ግን ሐዲዱ የወጣበትን ገንዘብ ያህል አያገለግልም።

ጎጃም ሐዲዱን እስኪያገኝ ድረስ የመንገደኛው ጊዜ፣ ገንዘብና ድካም የሚለው መመዘኛ ሥራ አይፈታም። መናኸሪያ ወደ ከተማ ዳር ይውጣ ሲባልም የሚቀድመው ጥያቄ ያው ነው፦ ከገጠር የመጣች እናት ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት በምን ትሄዳለች? ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ወደ አዘጋጆቹ ሊመለስ ይገባል።