ለብርድ የሚሆን ሽቶ ውድ መሆን የለበትም

ሐምሌ ሲገባ፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው አጥንት ሲሰብር፣ በሙቀቱ ወራት ደስ ሲያሰኝ የከረመው የሎሚ ጠረን ያለው ሽቶ ድንገት አቅም ያጣል። ጠርሙሱ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያስበው የተሻለ፣ ማለትም የበለጠ ውድ ሽቶ መግዛት እንዳለበት ነው። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ከሽቶ ዓይነቶች ሁሉ በዝቅተኛ ዋጋ ጥሩ ሆኖ የሚገኘው ለብርድ የሚሆነው ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ ያለው ኬሚስትሪው ውስጥ ነው።

ሽታ ማለት ከአንድ ነገር ላይ ተንኖ አፍንጫችን የደረሰ ሞለኪውል ነው። ሙቀት ሲቀንስ ትነት ስለሚቀንስ ብርድ ማንኛውንም ሽቶ ያዳክማል። በዚያ ላይ ሞለኪውሉ ከሽታ ሕዋሳት ዘንድ ለመድረስ የአፍንጫችንን የላይኛ ክፍል በሸፈነው ስስ ፈሳሽ ውስጥ መሟሟት አለበት። በአሜሪካ እንደ ሚኒሶታ ባለ ቦታ ክረምቱ ቀዝቃዛም ደረቅም ስለሆነ ይህ ፈሳሽ ይደርቃል፤ አፍንጫም ይደነዝዛል።

የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ጠረን በአብዛኛው የሚመጣው ሊሞኒን ከሚባል ውህድ ነው። ሊሞኒን ለመትነን ይቸኩላል፤ ቆዳ ላይ ከተረጨ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። ቫኒላን ቫኒላ የሚያሰኘው ቫኒሊን ግን ሌላ ጠባይ አለው። በክብደት ብዙም አይበላለጡም፤ የሊሞኒን ሞለኪውላዊ ክብደት 136፣ የቫኒሊን 152 ነው። ልዩነቱ የቫኒሊን ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው መያያዛቸው ነው። በዚህ የተነሳ በተራ የክፍል ሙቀት ቫኒሊን የመትነን ኃይሉ ከሊሞኒን ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል። ይህን ያህል ጥቂት ተንኖ የሚሸተን አፍንጫችን ለእሱ እጅግ ንቁ ስለሆነ ነው። ጠዋት አንገት ልብስ ላይ ያረፈ ቫኒላ ማታም የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በሚያዝያ ቀትር በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ የሚያንገሸግሸው ያው ጣፋጭ ሽቶ በሐምሌ ብርድ ይለዝባል፤ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ልኩን ያገኛል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ጀርመናውያኑ ኬሚስቶች ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን በ1874 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጥድ ዛፍ ከሚገኝ ውህድ ቫኒሊንን በቤተ ሙከራ ሠሩ፤ ሃርማንም በሆልትስሚንደን ከተማ ፋብሪካ አቋቋመ። ዛሬ በዓለም ገበያ ካለው ቫኒሊን ከእውነተኛው የቫኒላ ፍሬ የሚወጣው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከቫኒሊን ቀደም ብሎ በ1868 እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ኩማሪንን ሠርቶ ነበር። ኩማሪን ደረቅ ድርቆሽና ለውዝ የሚመስል ለስላሳ ጠረን ነው። ስመ ጥሩ የፈረንሳይ ሽቶ ቤት ጌርላን በ1889 ያወጣው ዢኪ የተባለ ሽቶ እነዚህን ሁለቱንም ይዟል። እንግዲህ የሙቀት ስሜት የሚሰጡት ዋና ዋና ግብዓቶች ከመቶ ዓመት በላይ በፋብሪካ የሚመረቱ፣ በባለብዙ ሺህ ብሩም በባለጥቂት መቶ ብሩም ጠርሙስ ውስጥ ያሉ ናቸው።

ከአገራችን የሚወጣው ዝባድም በዚሁ መንገድ አልፏል። ከጥርኝ የሚገኘው ይህ ቅባት ለሽቶ ሙቀትና ዕድሜ እንዲሰጥ ለዘመናት ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዢችካ በ1920ዎቹ የዝባድን ዋና ሽታ አምጪ ሞለኪውል አወቃቀር ፈታ፤ በ1939ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተቀበሉት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነ። ዛሬ አብዛኛው ሽቶ የሚጠቀመው በፋብሪካ የተሠራውን ምትክ ነው። ለዝባዱ ሲባል የተያዘ ጥርኝ በጠባብ ጎጆ ታስሮ እንደሚኖር ለሚያውቅ ሰው ይህ ከዋጋውም በላይ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ሽቶን በእርግጥ የሚያስወድዱት ሌሎች ናቸው። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ አበባ ይፈልጋል፤ የአይሪስ ሥር ጠረኑን እስኪያወጣ ዓመታት ተከማችቶ ይደርቃል። በርካሽ ሽቶ ውስጥ ጽጌረዳው ሳሙና ሳሙና ቢል አይገርምም። ቫኒላው ግን እምብዛም አያሳፍርም።

ለመሆኑ ሽታ እንዴት «ይሞቃል»? ሽቶ ገላን አንዲት ዲግሪ እንኳ አያሞቅም። ሆኖም ፊታችንና አፍንጫችን ውስጥ ከሽታ ነርቭ የተለየ፣ ማቃጠልንና መቀዝቀዝን የሚያውቅ ሌላ ነርቭ አለ። በ2021 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማትን የተጋራው ዴቪድ ጁሊየስ እንዳሳየው በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚነካው ሕዋሳችን ትኩስ ነገርን የሚያውቅበትን ያንኑ ተቀባይ ነው። ሜንቶል በበኩሉ የቅዝቃዜውን ተቀባይ ይነካል። የቅርንፉድ ዋና ውህድ ዩጂኖልም ከሙቀት ተቀባዮቹ ወገን ይነካል። ስለዚህ በቅመም ሻይ ላይ ስናጎነብስ ቅርንፉዱ ሞቅ የሚለን ከሞላ ጎደል እውነተኛ የነርቭ መልእክት ስላለው ነው።

ቫኒሊን ግን ይህን ነርቭ አይነካም። የማሽተት አቅሙን ያጣ ሰው በርበሬው ሲያቃጥለው፣ ሜንቶሉ ሲያቀዘቅዘው ቫኒሊን አጠገቡ ቢቀመጥም አያውቀውም። የቫኒላ ሙቀት እንግዲህ ከትዝታ የሚመጣ ነው። ቫኒላ ያለው ኬክ ሳይበላ ላደገ ሰው ትዝታው ከየት መጣ? መልሱ እንጨት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እንጨትን ጠንካራ የሚያደርገው ሊግኒን ሲቃጠል ጓያኮል የሚባል ውህድ ይወጣል፤ የጭስ ጠረን ዋና መለያ ይህ ነው። ከጓያኮል ጋር ጥቂት ቫኒሊንም ይወጣል። ቡና ሲቆላም ሁለቱም ይፈጠራሉ። እንዲያውም የዛሬው የፋብሪካ ቫኒሊን አብዛኛው የሚሠራው ከጓያኮል ነው። ከጀበና አጠገብ ያደገ ልጅ ቫኒላን በስሙ ባያውቀውም ዘመዶቹን አሳምሮ ያውቃቸዋል። ሽቶ ስትመርጡ ቡና፣ ጭስ፣ ቀረፋና ቫኒላ አብረው ያሉበትን ብትፈልጉ ለእኛ አፍንጫ ቅርብ የሆነውን ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማሸጊያው ላይ «ዕጣን» የሚል ስላለበት ብቻ ሙቀት አትጠብቁ። ሽቶ ሠሪዎች ዕጣንን በፍም ላይ አያጨሱትም፤ ዘይቱን በውሃ እንፋሎት ያወጡታል። ያልተቃጠለ ዕጣን በጣት ሲታሽ ጥድ ጥድ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ የእኛ የመተማና የትግራይ ዕጣን ደግሞ ፍራፍሬ የመሰለ ጠረን አለው። ጥሩ ጠረን ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ዕጣንን የሚያሞቀው ፍሙና ጭሱ ነው።

ግዢ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ የምመክረው ታዋቂ ሽቶን አስመስሎ የተሠራ ጠርሙስ እንዳትገዙ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ሽቶ ይሻላል፤ ከዱባይ የሚመጡት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከዓረብ አገር የምትመለስ እህት በሻንጣዋ ይዛ የምትመጣው የላታፋ ኩባንያ «ኸምራ» ለምሳሌ የቀረፋ፣ የተምርና የቫኒላ ቅንብር ነው። «ኦ ደ ፓርፈም» የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ«ኦ ደ ቷሌት» የበለጠ የጠረን ዘይት እንዳለው ያመለክታል፤ ለብርድ የመጀመሪያውን ምረጡ። አልኮል የሌለው በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ የዘይት ሽቶም አለ፤ ጠረኑ ወደ ሩቅ ባይሄድም ብዙ ይቆያል።

ሱቅ ውስጥ በተረጨ በደቂቃ አትወስኑ። በመጀመሪያ የሚመጣው አልኮሉና ቸኩሎ የሚተነው ክፍል ነው፤ ርካሽ ሽቶ በብዛት የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። ክንዳችሁ ላይ አስረጩና ወደ ብርዱ ውጡ፣ ሌላ ጉዳያችሁን ፈጽሙ፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አሽትቱት። ያኔ የምታገኙት ቀኑን ሙሉ የሚከተላችሁን ጠረን ነው። ከገዛችሁት በኋላ እጅና ፊት ብርድ ስለሚመታቸው ደረት ላይ፣ ከልብስ ሥር ርጩት፤ የገላ ሙቀት ቀስ እያለ ያወጣዋል። ቀረፋና ቅርንፉድ የበዛበት ሽቶ ስሱ ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል እንዲህ ያለ ቆዳ ያለው ሰው ሹራቡ ላይ ቢረጭ ይሻለዋል።

ነጭ ጋቢና ነጠላ ላይ ግን አይሆንም። ቫኒሊን ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ወደ ቡኒ ይለወጣል፤ ጥለቱ አጠገብ ያረፈ ነጠብጣብ ከሳምንታት በኋላ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል፤ በእጥበትም ቶሎ አይለቅም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽም በወራት ውስጥ እየጠቆረ ይሄዳል። ጠረኑ እስካልተለወጠ ድረስ ሽቶው አልተበላሸምና አትጣሉት፤ ፀሐይ ከማያገኘው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።