ስለ ታደሰች መኪናና ስለ ደከመ ሞተሪኖ

በጎፋ ሰፈር፥ ከጎፋ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቁ በጡረታ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። እኒህ ሰው በ1961 ዓ.ም. የተሠራች ቮልስዋገን አለቻቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮዪቱ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ገና ሳይነጋ ወደ ሐኪም ቤት መድረስ ስላለባቸው መኪናይቱ ለቤቱ ጌጥ ሳትሆን እግር ናት። ባለፈው ክረምት ሞተሯ ተፈትቶ ታደሰ፥ አካሏም እስከ ወለሉ ድረስ ተጠርጎ ቀለም ተቀባ። ከጋራዥ ስትወጣ ያያት ሁሉ አደነቀ። ነገር ግን በኅዳር ብርድ ማለዳ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም ይል ጀመር። የሰፈሩ ወጣቶችም እየተጠሩ መግፋት የዘወትር ሥራቸው ሆነ። አንድ ቀን የሚገፋ ሰው ስለ ታጣ ወይዘሮዪቱን ቀጠሮአቸው አለፋቸው።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ባመጣ ጊዜ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ብረቱም ተመልሶ ሲመታ በዓለም ላይ የብዙ ነጂዎችን ክንድ ሰብሯል። ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ ያሰናዳው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ የወጣው በ1904 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ቁልፍ ማዞርን ስለ ለመደ፥ ሞተሪኖ ሲደክም ቤቱ ሁሉ ይታወካል።

አዛውንቱ በመጀመሪያ አዲስ ባትሪ ገዙ፤ አልረዳቸውም። ቀጥለው ለመድኃኒት ካስቀመጡት ገንዘብ ወስደው ሌላ ሞተሪኖ ሊገዙ ተነሡ። በዚህ ጊዜ በመካኒክነት የሚተዳደረው የእኅታቸው ልጅ «ጋሼ፥ ገንዘቡን አያውጡ፤ አስቀድመን እንለካው» ብሎ ከለከላቸው።

ልጁ እውነት አለው። ሞተሪኖ የሚሠራው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆንም፥ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ እርሱ ነው፤ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። የአንድ ኦም መቶኛ የሚያህል እንቅፋት እንኳ 150 አምፔር ሲያልፍበት አንድ ቮልት ተኩል ይበላል። እንግዲህ መብራቱ ደኅና ስለ በራ የኤሌክትሪኩ መንገድ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ወጣቱ መኪናይቱን በፎሌ አቁሞ፥ ሞተሩ እንዳይነሣ የኮይሉን ሽቦ ነቅሎ፥ ልጆቹን ከፊትና ከኋላ አራቀ። አዛውንቱ ቁልፉን ሲያዞሩ እርሱ የቮልት መለኪያውን ተመለከተ። አስቀድሞ 12.6 የነበረው ባትሪ 11.2 ላይ ቆመ፤ ከ9.6 በታች ወርዶ ቢሆን ኖሮ ባትሪው በተጠረጠረ ነበር። ሞተሪኖው ዘንድ ግን የደረሰው 8.4 ብቻ ነው። የመለኪያውን አንድ ጫፍ በሞተሪኖው ገላ፥ ሁለተኛውን በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ቢያኖር፥ ከግማሽ ቮልት መብለጥ በማይገባው ቦታ 2.3 አነበበ።

ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖ የሚሄድበትን ወፍራም ሽቦ ይመረምራል እንጂ ተመልሶ ወደ ባትሪ የሚገባበትን አያስብም። በቮልስዋገን ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ጎማም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ካምቢዮውን ከመኪናይቱ አካል ጋር የሚያገናኝ ጠፍጣፋ የብረት ጥብጣብ አለ፤ መካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። ቀለም ቀቢው ይህ ጥብጣብ የሚታሰርበትን ቦታ ሳይቀር አሳምሮ ቀብቶት ነበርና በብረትና በብረት መካከል ቀለም ገባ። ያሳመራት ነገር አሳመማት ማለት ነው።

ወጣቱ የባትሪውን ኔጌቲቭ ራስ አስቀድሞ ፈታ። ይህ ቅደም ተከተል አይዘንጋ፤ መፍቻ ከፖዘቲቩ ላይ ሳለ አካሉን ቢነካ ብልጭታ ይወጣል፥ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝም በብልጭታ ይፈነዳል። ከዚያ በኋላ የጥብጣቡን ሁለት ማሰሪያ ቦታዎች በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፍቆ አጥብቆ አሰረና ዝገት እንዳይዘው ከላይ ቅባት ቀባው። ልኬቱ ወደ 0.2 ወረደ። በዕድሜ የገፉትና እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተሠሩት ቮልስዋገኖች አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ስለ ሆኑ፥ የእነርሱ ባለቤቶች ለዚህ ነገር ይልቁን ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ከ12 ቮልት ላይ ሁለት ቢጎድል ይቻል ይሆናል፥ ከስድስት ላይ ግን አይቻልም።

ሥራው ግን በዚህ አላለቀም። ሞተሩ ሲግል ሞተሪኖው አሁንም ይዝል ነበር። በዚህ ዐይነት መኪና የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት ትንሽ የነሐስ ቀለበት የሚገኘው በሞተሪኖው ውስጥ ሳይሆን በካምቢዮው ቤት ውስጥ ተሰክቶ ነው። ሞተር ቢታደስ፥ ሞተሪኖም ቢለወጥ፥ እርሱ ባለበት ይቀራል። ሲበላ ዘንጉ ያጋድላል፥ የሚሽከረከረውም ክፍል ከቆመው ጋር ይፋተጋል። አዛውንቱ አዲስ ሞተሪኖ ገዝተው ቢሆን ኖሮ፥ እርሱም በዚያው በተበላ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ይፋተግ ነበር። የቀለበቱ ዋጋ ከባትሪው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ያስቸገረው አውጥቶ ሌላ መሰካቱ ነበር፥ ግማሽ ቀን ፈጀ።

በማግሥቱ የሐኪም ቤት ቀን ነበረ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው ለመግፋት የወጡት የጎረቤት ልጆች ከበሩ ሳይደርሱ መኪናይቱ ሄዳ ነበር።