በመጠጥ የተያዘ ሰው ቤተሰብና የአቢግያ ጥበብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ የሰከረው አንድ ጊዜ ነው፤ ዕርቃኑን ያየው ግን ልጁ ካም፣ እርግማኑ ያረፈበትም የልጅ ልጁ ከነዓን ነው (ዘፍ. 9፥20-27)። ቤተ ክርስቲያናችን ጠላውንና ጠጁን ከማኅበርና ከዝክር አላስወጣችም፤ የምትከለክለው ስካርን ነው (ኤፌ. 5፥18)። ይህ ልዩነት ግን አረቄ የሠለጠነበትን ሰው ቤተሰብ ብዙም አያጽናናም። «ለበረከት አንድ ብርሌ ምን አላት?» የሚለው ግብዣ ለእርሱ የሳምንት መጠጥ መጀመሪያ ነውና።

እንዲህ ባለው ቤት የሁሉም ኑሮ በመጠጡ ዙሪያ ይሆናል። ሚስት የደመወዝን ቀን በፍርሃት ትጠብቃለች፤ ለአሠሪው «አሞት ነው» ብላ ትደውላለች፤ የመጠጥ ቤቱን ዱቤ ትከፍላለች። ልጆች በአባታቸው ኮቴ የሌሊቱን ሁኔታ መለየት ይማራሉ። ታላቂቱ ታናናሾቿን አብልታ ታስተኛለች፤ «ጎበዝ» ትባላለች እንጂ ልጅነቷ እንደ ተወሰደባት የሚያስተውል ጥቂት ነው። ብዙ ሕፃናትም አባታቸው የሚጠጣው በእነርሱ ጥፋት ይመስላቸዋል። ይህን «አይደለም» ብሎ በግልጽ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ የእንዲህ ዓይነቱን ቤት እመቤት ያሳየናል፤ የናባልን ሚስት አቢግያን (1ኛ ሳሙ. 25)። ናባል የዳዊትን መልእክተኞች ሰድቦ በመመለሱ ዳዊት 400 ያህል ሰዎች አስታጥቆ ሊያጠፋው ወጣ። አቢግያ ለባሏ ሳትነግረው ስንቅ ጭና ፈጥና ሄደች፤ ቤቷንም አዳነች። ስትመለስ ናባል በግብዣ ላይ እጅግ ሰክሮ አገኘችው። ያን ሌሊት ምንም አልተናገረችውም፤ በማግሥቱ ወይኑ ከላዩ ሲጠፋ ግን አንዳች ሳታስቀር ነገረችው። ለዳዊትም የባሏን ስንፍና አልሸፈነችም። ቤትን መጠበቅና ጥፋትን መሸሸግ ሁለት ነገር ነው። በሐሰት «አሞት ነው» የምትል ሚስት ፍሬውን እርሱ እንዳያጭድ ትጋርደዋለች፤ በማለዳ እውነቱን የምትነግረው ግን የንስሐ በር ትከፍትለታለች። አቢግያም ብትሆን ናባልን አልመለሰችውም፤ ያዳነችው ቤቱን ነው።

«ታገሺ» የሚለውን ምክር የምንሰጥ ሰዎችም ይህን ልብ እንበል። ዱላ ባለበት ቤት ሚስትና ልጆች ወደ ዘመድ ወይም ወደ ሕግ ቢሸሹ ትዳርን ማፍረስ አይደለም።

«ይገዝቱልን» ብሎ ካህን መለመን የተለመደ ነው። በግዝት ብቻ መታመንን ግን አልደግፍም፤ ሰውየው በወደቀ ዕለት ፍርሃት ተጨምሮበት ከቤተ ክርስቲያን ይሸሻልና። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታም ሊጥለው ይችላል፤ ለሞትም ያደርሳል። ቤተሰብ ይህን ሁሉ የርኩስ መንፈስ ጩኸት ነው ብሎ በጠበል ቦታ ብቻ እንዳይጠብቅ፤ ሐኪምም ይየው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም።

የንስሐ አባትም ለቤት ጉብኝት ሲመጣ አባወራውን ብቻ አነጋግሮ ባይሄድ መልካም ነው። እናቲቱንና ልጆቹን ለየብቻ፣ እርሱ በሌለበት ቢጠይቃቸው በጠረጴዛው ዙሪያ የማይነገረውን ይሰማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።