የጓሮው ማጠኛና የፋሲካው ቋንጣ

የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ የትንሣኤው ብሥራት በተሰማ ማግስት፣ በጮሌም ሆነ በአሰላ ዙሪያ ባሉት የአርሲ ደጋማ ቀበሌዎች የማጀት ሥራ ይበዛል። የወተቱ ዕቃ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ከቅርጫው የተረፈው ሥጋም በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ለቋንጣ ይሰቀላል። በዓሉ ግን የሚውለው የበልግ ዝናብ በሚጥልበት ወቅት በመሆኑ፣ ፀሐይና ነፋስ ብቻቸውን ሥጋውን ቶሎ አያደርቁትም። ስለዚህም እናቶቻችን ከምድጃው በላይ ገመድ ወጥረው ጢሱን አጋዥ ማድረግን ለመዱ።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ወይራ፣ በኦሮምኛ እጀርሳ የሚባለው ዛፍ፣ ሲጨስ ተሐዋስያንን የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮችን ይሰጣል። ሞገሴ አሸናፊ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ዕቃን ማጠን በእርጎ ውስጥ የሚራቡትን ተሐዋስያን እድገት እንደሚያዘገይ አሳይተዋል። ቋንጣን በዋናነት የሚያቆየው ግን መድረቁና ጨው ነው፤ ጢስ ረዳት እንጂ ጌታ አይደለም።

ይህ ረዳት በቤት ውስጥ ሲከማች ጠላት ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ አየር መበከል ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከምድጃው ዳር የማይጠፉት ደግሞ እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። እንግዲህ ለአንድ ገመድ ቋንጣ ሲባል ቤቱን ሁሉ ማጠን ስለ ምን ያስፈልጋል?

ማጠኛውን ወደ ጓሮ ማውጣት ይቻላል። ዘይትም ሆነ የተባይ መድኃኒት ያልነበረበት፣ ውስጡ ያልተቀባ አሮጌ በርሜል ይፈለጋል። ዋናው ማሻሻያ እሳቱን ከበርሜሉ ሥር ማራቅ ነው፤ ከሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ምድጃ ተቆፍሮ፣ በድንጋይ የተከደነ ቦይ ጢሱን ወደ በርሜሉ ያደርሳል። ጢሱ በመንገዱ ስለሚቀዘቅዝ ሥጋው አይበስልም፤ ጥላሸቱም በከፊል በቦዩ ይቀራል። በምድጃው አፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢደረግ፣ እሱን በማጥበብና በማስፋት አየሩን መቆጣጠር ይቻላል። በክዳኑ ላይ ቀዳዳ መተው አይዘነጋ፤ መውጫ ያጣ ጢስ እርጥበቱን በሥጋው ላይ መልሶ ያራግፋል፣ ያመርረዋልም።

እንጨቱ ደረቅ ወይራ ይሁን፤ ሙጫ የሚበዛበት ጥድና ቀለም የነካው ጣውላ አይሆኑም። ነበልባል ሳይሆን ፍም ይፈለጋል፤ እሳቱ በነደደና ስቡ በፍሙ ላይ በተንጠባጠበ ቁጥር ለካንሰር የሚዳርጉ ንጥረ ነገሮች ይበዛሉና። ስለዚህ ስቡ አስቀድሞ ይነሣ። ዝልዝሉ እርስ በርሱ ሳይነካካ ይሰቀል፤ ሲታጠፍ እስኪሰነጠቅም ድረስ ይድረቅ። ውስጡ እርጥብ የሆነ፣ የሻገተ ወይም የሸተተ ሥጋ በጢስ አይታረምምና ይጣል።

ወይራም ቢሆን ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ለማጠኛ ጥቂት ፍልጥ ይበቃልና የወደቀውን ቅርንጫፍ እንልቀም፤ ክረምት ሲገባም ችግኝ እንትከል። የአባቶቻችንን ጥበብ ሳንጥል ጢሱን ብቻ ከቤት ብናወጣ፣ ማዕዱም ይጣፍጣል፣ የልጆቻችንም እስትንፋስ ይጠበቃል።

መልካም በዓል!